ለዩኒቨርሲቲው የምናስገባው ሐሳብ፦ ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባት ተማሪ መጀመሪያ ለማን ትንገር?

ጸሐፊ፦ የማኅበራችንን ረቂቅ ዛሬ እንጀምር። ለታይትል ናይን ቢሮ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲውን የወሲባዊ ጥቃት ጉዳይ ለሚያየው ቢሮ፣ የምናስገባው ከሁለት ገጽ አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ማንም አያነብልንም። ዋናው ጥያቄያችን አዲስ ለሚገቡ የሐበሻ ተማሪዎች በአማርኛ የተዘጋጀ አንድ ወረቀት ነው። ለማን ብትናገር ሚስጥሯ እንደሚጠበቅ፣ ለማን ብትናገር ጉዳዩ ወደ ቢሮው እንደሚሄድ በግልጽ ይጻፍ።

የሕግ ተማሪዋ፦ መግቢያው የእኔ ነው። ሁለት የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ይበቃናል። ታይትል ናይን የ1972 ነው፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል፣ ወሲባዊ ጥቃትም እዚያ ውስጥ ይገባል። የክሌሪ ሕግ የ1990 ነው። ጂን ክሌሪ የ19 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በ1986 ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ዶርሟ ውስጥ ተደፍራ ተገደለች። ወላጆቿ ታግለው ሕጉን አስወጡ። በዚህ ሕግ እያንዳንዱ ግቢ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 የወንጀል ቁጥሩን ያወጣል።

ገንዘብ ያዥ፦ በ2024 የታይትል ናይን ደንብ ተቀየረ አልተባለም እንዴ? የቱን ይዘን ነው የምንጽፈው?

የሕግ ተማሪዋ፦ የ2020ውን። የ2024ቱን ኬንታኪ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጃንዋሪ 9፣ 2025 ሻረው። አንድ ነገር አስምሩበት፦ ማሳወቅና መክሰስ ይለያያሉ። ክስ ሳታቀርብም ክላስ ወይም ዶርም እንዲቀየርላት፣ ጥቃት አደረሰ የተባለው ልጅም እንዳይቀርባት መጠየቅ ትችላለች። ከከሰሰች ግን ችሎት አለ። መስቀለኛ ጥያቄ የሚያቀርብላት የልጁ አማካሪ ነው፤ እሱ ራሱ ሊጠይቃት አይችልም። ለእሷም አማካሪ ከሌላት ዩኒቨርሲቲው ለችሎቱ በነጻ ይመድብላታል።

የነርሲንግ ተማሪዋ፦ የሆስፒታሉን ነገር እኔ ልጻፈው። ከማስረጃ ምርመራው በፊት ገላዋን ባትታጠብ ይመረጣል። ልብስ ከቀየረች የወረቀት ከረጢት ውስጥ ትያዘው፤ ፌስታል እርጥበት ይይዝና ማስረጃውን ያበላሻል። ጥቃቱ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ብትሄድ ጥሩ ነው፣ ብዙ ቦታ እስከ 120 ሰዓት ይቀበላሉ። ታጥባም ቢሆን ትሂድ። ለፖሊስ ባትናገርም ለማስረጃ ምርመራው አትከፍልም። ይቺን ደመቅ አድርጉልኝ፤ ቢሉን ፈርተው የሚቀሩ አሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ኤፍ ዋን፣ የውጭ ተማሪ ቪዛ ያላቸውስ? ተጨንቃ ክላስ ብትጥል ቪዛዋ ችግር ውስጥ ይገባል።

ጸሐፊ፦ ይሄ ራሱን የቻለ አንቀጽ ይሁን። ክላስ ከመጣሏ በፊት የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሊፈቅድላት ይገባል፤ በሕክምና ምክንያት ከሆነ የሐኪም ደብዳቤ ይዛ ትጠይቃለች። ይሄ ቢሮና የታይትል ናይን ቢሮ ተነጋግረው እንዲጨርሱላት እንጠይቅ። አንድ ታሪክ አስር ቦታ ማውራት የለባትም።

የወላጆች ተወካይ፦ ልጆቼ፣ ለነፍስ አባቷ ብትናገርስ? ሽማግሌስ ገብቶ ቢያስታርቅ?

የሕግ ተማሪዋ፦ እትዬ፣ የደብሯ ነፍስ አባት የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ስላልሆኑ ለቢሮው የማሳወቅ ግዴታ የለባቸውም። የግቢው ካውንስለርም ሚስጥር ይጠብቃል። የእኛ ማኅበር አማካሪ ፕሮፌሰር ግን በክሌሪ ሕግ የሰሙትን ወንጀል ማሳወቅ አለባቸው፤ ልጆቻችን ደግሞ መጀመሪያ የሚሮጡት እሳቸው ጋ ነው! እርቅን በተመለከተ ደንቡ ይፈቅዳል፤ ግን መደበኛ ክስ ከቀረበ በኋላ፣ ሁለቱም በፈቃዳቸው ከፈረሙ ብቻ ነው። በእርቁ ከመስማማቷ በፊትም ትቼዋለሁ ብላ መውጣት ትችላለች።

የወላጆች ተወካይ፦ የእኛ ሽማግሌ እኮ «ለቤተሰብ ስም» እያለ ነው ልጅቷን ዝም የሚያሰኛት። እሱም ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ ለፈረንጅ ቢሮ ገበናችንን?

የወላጆች ተወካይ፦ አዎ። ካልነገርናቸው በምን ያውቁልናል?

ጸሐፊ፦ እኔም እስማማለሁ። ገንዘብ ያዥ፣ ተቃውሞህን በቃለ ጉባኤ አስገባዋለሁ። ረቂቁ እሑድ ማታ ይዘጋል። እትዬ፣ የሽምግልናዋን አንቀጽ እርስዎ ቢጽፏት?

የወላጆች ተወካይ፦ በእጄ ጽፌ ፎቶ እልክላችኋለሁ። አንዳችሁ ተይቡልኝ።