ደብረ ብርሃን ላይ የቴኒስ ፎርሃንድ አያያዝ፦ ኢስተርን ይበቃል ወይስ ልቀይር?

ጠባሴ
ሰላም ለሁላችሁ። የምጫወተው ደብረ ብርሃን፣ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው። ቀኝ እጅ ነኝ። ፎርሃንዴ (በመዳፌ በኩል የምመታው ምት) ኢስተርን በሚባለው የራኬት አያያዝ ነው፤ ጨዋታ ሲሞቅ ግን ሳላውቀው ኮንቲኔንታል ወደሚባለው ይንሸራተታል። ኳሷ ነጥራ ደረቴ ላይ ትመጣለች። ጠንከር አድርጌ ስመታት ቤዝላይኑን (የሜዳውን የኋላ መስመር) አልፋ ትወጣለች፤ ለስለስ ካደረግኳት ደግሞ ለተጋጣሚ ሲሳይ ናት። ዌስተርን ልያዝ? ትክክል መያዜንስ በምን አውቃለሁ?

ስምንት ገጽ
መጀመሪያ አሁን የያዝከውን ለይ። ራኬቱን በጠርዙ አቁመው፣ አውታሩ ወደ ጎን ይይ። እጀታው ስምንት ገጽ አለው። ከላይ ያለው ጠፍጣፋ 1 ነው፤ ከዚያ ወደ ቀኝ እየዞርክ ቁጠር (ግራኝ ወደ ግራ ይቆጥራል)። የሌባ ጣትህ ግርጌ አንጓ ያረፈበት ቁጥር አያያዝህ ነው፦ 2 ኮንቲኔንታል፣ 3 ኢስተርን፣ 4 ሰሚ ዌስተርን፣ 5 ዌስተርን። ከትንሿ ጣት በታች ያለው የመዳፍ ሥጋም እዚያው ቁጥር ላይ መቀመጥ አለበት። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው፤ አንጓውን 4 ላይ ያደርግና መዳፉን 2 ላይ ይተወዋል። ኳሷ ስትነካው ራኬቱ እጅ ውስጥ ይዞራል። ሌባ ጣትህንም ከመሃል ጣት ትንሽ አርቃት፤ እንደ መዶሻ በቡጢ አትጨብጥ።

ለጥያቄህ፣ 4 ያዝ። በ3 የራኬቱ ፊት ያለ ትግል ቀጥ የሚለው ወገብ አካባቢ ነው። ደረት ላይ ስትመታ የእጅ አንጓህ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ፊቱ ወደ ሰማይ ይከፈታል፣ ኳሷም ትወጣለች። በ4 ከወገብ እስከ ደረት ይመችሃል። 5 ለትከሻ ኳስ ግሩም ነው፤ ዝቅ ብላ የምትንሸራተተዋን ኳስ ለማንሳት ግን ፍዳ ነው። ለቮሊ (ኳሷን ሳትነጥር ለመምታት) ወደ 2 መመለሱም ረጅም መንገድ ነው፣ ሦስት ገጽ።

ታርማበር
የተባለው ልክ ነው፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ እጁ ላይ አንጫን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስን እምብዛም አያዘገይም፤ ቶፕስፒንም (ኳሷን ወደፊት የሚያሽከረክራት ምት) ኳሷን ወደ መሬት የሚጎትትበት አቅም ይቀንሳል። በዚያ ላይ በግፊት የተሞላው ተራ ኳስ የውጭው ግፊት ሲያንስ ይወጠርና ከፍ ብሎ ይነጥራል። የዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለዩ ኳሶችን የሚፈቅደው በዚህ ምክንያት ነው። ቆርቆሮው ላይ ሃይ አልቲቲዩድ (ለከፍታ ቦታ) የሚል ፈልግ፤ ከጠፋ ያለ ግፊት የሚሠራውን ተጠቀም። አውታሩንም ከለመድከው አንድ ኪሎ ያህል ጠበቅ አስደርገው። ያው ምት ሸዋ ሮቢት ወርደህ ብትመታው መስመር ውስጥ ሊያርፍልህ ይችላል።

ኢስተርንን ግን አትናቁት። ዝነኛው ተጫዋች ሮጀር ፌደረር የተጫወተው ለኢስተርን በቀረበ አያያዝ ነው፤ ነገር ግን ወደፊት ገብቶ ኳሷ ገና ስትነሳ ነበር የሚመታት። ያ እግር ካለህ 3 ላይ ቆይ። ከሌለህ 4።

ጠባሴ
አመሰግናለሁ። 4 ላይ ሞከርኩት፣ አሁን ደግሞ መረብ ውስጥ ነው የምትቀረው።

ስምንት ገጽ
አያያዝህን ቀይረህ የመምቻ ቦታህን ስላልቀየርክ ነው። በ4 ኳሷን አዘግይተህ ጎንህ ላይ ስታገኛት የራኬቱ ፊት ወደ መሬት ተደፍቷል። ከፊተኛው ዳሌህ አንድ ክንድ ያህል ቀድመህ አግኛት። ከመምታትህ በፊት የራኬቱን ራስ ከኳሷ በታች አውርደው፣ ከታች ወደ ላይ ጥረግ። መረቡ መሃሉ ላይ 91.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንተ ከሱ በላይ አንድ ሜትር ያህል አየር አሳልፍ። ለጊዜው ሰው አያሻህም። ሰርቪስ መስመሩ (በመረቡና በቤዝላይኑ መካከል ያለው መስመር) ላይ ቁም፣ ኳሷን ራስህ ጣል፣ ከወገብ ከፍታ በግማሽ ኃይል ምታ። 20 ያህሉ በተከታታይ ሲገባልህ ወደ ቤዝላይን አፈግፍግ።

መቀየሩን በግራ እጅህ ሥራው። የራኬቱን አንገት በግራ ይዘህ ጠብቅ፤ ትከሻህ ሲዞር ግራህ ራኬቱን ያዙረው፣ ቀኝህ ላላ ብሎ አዲሱን ገጽ ያገኛል። ራኬቱ ወደ ኋላ ከሄደ በኋላ ለመቀየር ከሞከርክ አልቋል።

ግራኝ ነኝ
አንድ ነገር ተረስቷል፤ የእጀታው ውፍረት። በኢስተርን ጨብጠህ በጣቶችህ ጫፍና በመዳፍህ መካከል የሌላኛው እጅህ ሌባ ጣት ልክ መግባት አለባት። ካልገባች ቀጭን ነው፤ ራኬቱ እንዳይዞር ስትጨመድደው ክንድህና ክርንህ ይታመማሉ። ሰፊ ቦታ ከተረፈ ወፍራም ነው፤ ከ2 ወደ 4 መዞር ያስቸግርሃል። ለቀጭኑ ኦቨርግሪፕ (በእጀታው ላይ የሚደረብ ስስ ጥቅል) መጠቅለል ይበቃል። ወፍራሙን ማቅጠን ግን ከባድ ነው፤ ስትገዛ ከተጠራጠርክ ቀጭኑን ውሰድ።

እና በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ጠዋት አትፈትነው። የቀዘቀዘ ኳስ ዝቅ ብሎ ስለሚነጥር 4 አልሆነኝም ብለህ ትደመድማለህ። ረፋድ ላይ ሞክር።