ከዲሲ ተነስቶ በሳይክል ጫካ ለጫካ፣ የቱ መስመር ይሻላል? (ጥቆማ)

ሰላም የዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ልጆች። ባለፈው የሳይክል ፎቶ ከለጠፍኩ ጀምሮ ኢንቦክሴ "ይሄ የት ነው፣ ሳይክሉን ከየት ገዛኸው፣ እኔ እችለዋለሁ ወይ" በሚል ጥያቄ ተጥለቅልቋል፣ ለእያንዳንዱ መመለስ ስላቃተኝ ሁሉንም እዚሁ ልዘርግፈው። ሁለት ሦስት ቀን ጫካና ተራራ መሀል ለመንዳት ደጋግሜ የሄድኩባቸው ሦስት መስመሮች ናቸው፦ ሲ ኤንድ ኦ ካናል (የድሮ የጀልባ ቦይ ዳር ያለ መንገድ)፣ ጋፕ (ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ) እና ስካይላይን ድራይቭ። ስካይላይን ስል ቤይሊስ ክሮስሮድስ ያለውን ሰፈር አይደለም ሃሃ፣ ሼናንዶዋ ፓርክ ውስጥ ያለውን መንገድ ነው።

ቶሎ በለን ለምትሉ፦ የመጀመሪያ ጊዜያችሁ ከሆነ ጋፕ።

ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው በሲ ኤንድ ኦ ነው። መነሻው ጆርጅታውን ስለሆነ ቅርብ ነው፣ ደግሞ "ሜዳ ነው" ይሉታል። ሜዳነቱ እውነት ነው፣ እስከ ከምበርላንድ (ሜሪላንድ) 184.5 ማይል ስትሄዱ ጠቅላላ ከፍታው የሚጨምረው 600 ጫማ ምናምን ብቻ ነው፣ ድሮ በቅሎ የጭነት ጀልባ እየጎተተች የምትሄድበት መንገድ ነዋ፣ ምን ዳገት ይኖረዋል። ችግሩ ዳገቱ ሳይሆን መሬቱ ነው። ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲደርቅ የዛፍ ሥርና ድንጋይ። አንዳንድ ቦታ አዲስ ጠጠር አልብሰውት ተሻሽሏል፣ ግን ሁሉም ጋ አይደለም። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ በቀጭን ጎማ፣ ባለ 25 ሚሊሜትር የአስፋልት ሳይክል ይዤ ገባሁ፣ ሁለት ቀን ዘነበ፣ ጭቃው ጎማውና ፍሬኑ መሀል እንደ ሊጥ እየገባ አልዞርም አለ፣ በእንጨት እየፋቅኩ ስገፋ ሳይክል ሳይሆን እምቢ ያለች አህያ የምጎትት ነው የመሰለኝ። ሀንኮክ የምትባል ከተማ ስደርስ አንድ ሽማግሌ አይተውኝ ስቀው "ምን እዛ ታች ያንከላውስሃል፣ ጎኑ አስፋልት አለ" አሉኝ። ለካስ ዌስተርን ሜሪላንድ ሬይል ትሬይል የሚባል 28 ማይል ገደማ አስፋልት ከቢግ ፑል እስከ ሊትል ኦርሊንስ ከካናሉ ጎን ለጎን ይሄዳል። ዝናብ ካለ በሱ ሂዱ፣ እንደኔ አትሁኑ።

ሲ ኤንድ ኦን ሌሎቹ የማይስተካከሉት በማደሪያው ነው። በየጥቂት ማይሉ ለእግረኛና ለሳይክል ነጂ ብቻ የተሰራ የድንኳን ቦታ አለ፣ ነፃ ነው፣ ሪዘርቬሽን የለም፣ የቀደመ ይተክላል፣ አንድ ቦታ አንድ ሌሊት ብቻ። ሽንት ቤት አለ፣ በእጅ የሚገፋ የውሃ ፓምፕ አለ (አዮዲን ስለሚጨምሩበት ቀለሙም ጣዕሙም ትንሽ ይደብራል፣ በብርድ ወራት ደግሞ ይዘጉታል፣ ስለዚህ ከኖቬምበር አጋማሽ በኋላ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ)። ድንኳን አልወድም ለምትሉ ድሮ የካናሉን በር የሚከፍቱና የሚዘጉ ሰዎች የሚኖሩባቸውን ቤቶች ካናል ትረስት የሚባል ድርጅት ያከራያል፣ አንዳንዱ መብራትና ውሃ የለውም፣ ስምንት ሰው ሆናችሁ ስትካፈሉት ግን ከሆቴል ይረክሳል። እኔ ከጓደኞቼ ጋር አንዱን ይዘን ሽሮ ሰርተን በፋኖስ የበላነውን እስካሁን እናወራዋለን። ፓው ፓው ላይ 3,118 ጫማ ዋሻ አለ፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ መብራት አብሩና ወርዳችሁ ግፉ።

አሁን ወደ ጋፕ። ከምበርላንድ ላይ ሲ ኤንድ ኦ ሲያልቅ እሱ ይጀምራል፣ እስከ ፒትስበርግ 150 ማይል። ድሮ የባቡር ሀዲድ ስለነበረ ዳገቱ ቀስ ያለ ነው፣ መሬቱም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ተጠቅጥቆበት ዝናብ ቢመጣ እንኳ እንደዛኛው አይላቁጥም። ከከምበርላንድ ከተነሳችሁ 24 ማይል ያህል ሽቅብ ትሄዳላችሁ፣ ከፍተኛው ቦታ 2,392 ጫማ ነው፣ ከዛ በኋላ እስከ ፒትስበርግ ድረስ አብዛኛው ቁልቁል ወይ ሜዳ ነው። የእንጦጦ ዳገት አይምሰላችሁ፣ ከሁለት ፐርሰንት አይበልጥም፣ እያወራችሁ ትወጡታላችሁ፣ ብቻ ማለቂያ የሌለው ነው የሚመስለው። እሱም ካስፈራችሁ ዌስተርን ሜሪላንድ ሲኒክ ሬይልሮድ የሚባለው የቱሪስት ባቡር በሚሰራበት ቀን ሳይክል ጭኖ ፍሮስትበርግ ያወጣችኋል፣ ነውር የለውም፣ እኔም አንዴ አድርጌዋለሁ። ቢግ ሳቬጅ የሚባለው 3,294 ጫማ ዋሻ መብራት አለው፣ ነገር ግን ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ገደማ ይዘጋል፣ በዛ ጊዜ አታስቡት።

በአራት ቀን ከሆነ ሜየርስዴል (ከከምበርላንድ 32 ማይል)፣ ኦሃዮፓይል (72)፣ ዌስት ኒውተን (114) እያደራችሁ ፒትስበርግ ትገባላችሁ፣ ማንንም አይገድልም። ኦሃዮፓይል ላይ ግን አትቸኩሉ፣ ወንዙና ፏፏቴው ዳር ግማሽ ቀን ብትቀመጡ አይቆጫችሁም። ማደሪያው ከሲ ኤንድ ኦ ይወደዳል፣ በየትንንሿ ከተማ እንግዳ ማረፊያ ቤቶች አሉ፣ ሳይክል የሚያሳድሩበት ጋራዥ አላቸው፣ ጭቃ ነክቷችሁ ብትገቡም ፊት አይነሷችሁም።

ስካይላይን ድራይቭን ለመጨረሻ ያስቀመጥኩት ስለማልወደው አይደለም፣ እንደውም ልቤ ያለው እዛ ነው። ከፍሮንት ሮያል እስከ ሮክፊሽ ጋፕ 105 ማይል ጥርት ያለ አስፋልት፣ ከላይ ሆናችሁ ሸለቆውን ቁልቁል እያያችሁ። ግን ገና ከበሩ ጀምሮ ዳገት ነው፣ ጨረስኩት ስትሉ ቁልቁል ትወርዱና መልሶ ያስወጣችኋል፣ ሙሉውን ከ10,000 ጫማ በላይ ነው የምትወጡት። መኪና አብሯችሁ ይሄዳል፣ ፍጥነቱ 35 ማይል የተገደበ ቢሆንም ቅጠል በሚቀላበት ኦክቶበር ቅዳሜና እሁድ ሰልፍ ነው፣ ስለዚህ በሥራ ቀን ሂዱ። ጉም ሲወርድ ማንም አያያችሁም፣ የፊትና የኋላ መብራት ግድ ነው፣ ሜሪስ ሮክ ላይም ዋሻ አለ። መግቢያው ለሳይክል ነጂ 15 ዶላር አካባቢ ነው፣ ለሰባት ቀን ያገለግላል። ሁለት ቀን ካላችሁ ቢግ ሜዶውስ (51ኛው ማይል) መንገዱን ለሁለት ስለሚከፍለው ለማደር ይመቻል፣ ሎጅም ድንኳን ቦታም አለው፣ ቀድማችሁ ያዙ። ድብ አለ ወይ ብለሽ የጠየቅሽኝ እህቴ፣ አዎ አለ፣ ምግብ ድንኳን ውስጥ አታስገቢ እንጂ አንቺን አይፈልግሽም።

ሳይክሉን በተመለከተ ብራንድ አትጠይቁኝ፣ የጎማ ስፋት ጠይቁኝ። ለሲ ኤንድ ኦ 40 ሚሊሜትርና ከዛ በላይ፣ ለጋፕ 35 ይበቃል፣ ለስካይላይን 28 ወይ 32። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ 40 የሚቀበል ግራቭል ሳይክል (ለጠጠርም ለአስፋልትም የሚሆን) ግዙና ጎማ ቀያይሩ። ከሁሉም በላይ ግን ዝቅተኛ ማርሹ ይታይ፣ እቃ ጭናችሁ ዳገት ላይ የሚያድናችሁ እሱ ነው። አዲስ መግዛት የግድ አይደለም፣ ኮሎምቢያ ፓይክ አካባቢ ፊኒክስ ባይክስ የሚባል ለወጣቶች የሚሰራ በጎ አድራጎት የታደሰ ሳይክል ይሸጣል። ኦንላይን ርካሽ ብላችሁ የምትገዙትን ግን ሳታዩት አትክፈሉ፣ እኔ አንዴ "እንደ አዲስ ነው" ተብዬ ካቴናው የዛገ፣ ጎማው የተሰነጠቀ ተሸክሜ ገብቻለሁ። ልምምድ ካላደረጋችሁ ደግሞ መጀመሪያ ከሸርሊንግተን እስከ ፐርሰልቪል ያለውን ደብሊው ኤንድ ኦዲ የሚባል የሳይክል መንገድ፣ 45 ማይል አስፋልት፣ እቃ ጭናችሁ ሞክሩት፣ መቀመጫችሁ ምን እንደሚል እዛ ታውቃላችሁ።

ምግብ ላይ ኢነርጂ ባር የሚሉትን ተዉት ባይ ነኝ፣ በሶና ጭኮ እያለልን? በሶ በጠርሙስ በጥብጣችሁ ሳትጠጡ ዳገት አትጀምሩ። በተለይ ፍልሰታ ኦገስት ላይ ስለሆነ ጿሚ ከሆናችሁ ስካይላይን ላይ ያሉት መደብሮች ብዙም አይጠቅሟችሁም፣ ሽሮ፣ ቆሎና ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያዙ። (ጾም ካልሆነ የብላክቤሪ ሚልክሼካቸውን እንዳትዘሉት።)

መጓጓዣውን ደግሞ ሁለት አይነት ሞክሬያለሁ። ቫን ተከራይቶ መሄድ አለ፣ ቡድን ከሆናችሁ ይመቻል፣ ግን አንዴ የያዝነው ቫን ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ አስጠብቆን ይቅርታ እንኳ ሳይለን ነው የመጣው። ከዛ ወዲህ የአምትራክ ባቡር ሰው ነኝ። ከዩኒየን ስቴሽን ከምበርላንድም ፒትስበርግም ይሄዳል፣ በቀን አንዴ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ከምበርላንድ እደሩና ጠዋት ጀምሩ፣ ከፒትስበርግ የሚመለሰው ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሳ ጣቢያው አቅራቢያ ሆቴል ያዙ። ኢ-ባይክ (በባትሪ የሚታገዝ ሳይክል) ይዛችሁ ከሆነ ከ50 ፓውንድ በላይ ከመዘነ አይጭኑትም። እና ቲኬት ስትቆርጡ የሳይክሉንም ቦታ አብራችሁ ያዙ፣ ቦታው ጥቂት ነው፣ ከሞላ የናንተ ወንበር ባዶ ቢሆንም ሳይክሉ አይሳፈርም።