ኬራቲን ልሠራ ወይስ ይቅርብኝ?

እህቶቼ፣ እስኪ ምከሩኝ። ያለሁት ባሕር ዳር ነው፣ ፀጉሬ ጥቅልል ነው። ፎን ተሠርቼ ስወጣ ያምርብኛል። ግን ክረምት ላይ ጣና ዳር ቡና ልጠጣ ግማሽ ሰዓት ከተቀመጥኩ መሃሉ ተኝቶ ዳር ዳሩ ይቆማል፣ ግንባሬ ጋ ያለው ተጠቅልሎ ይነሳል፣ በቃ የሁለት ሰው ፀጉር! ፀጉር ሠሪዬ «ኬራቲን፣ ያው ፀጉር የሚያለሰልሰውን ቅባት፣ ልሥራልሽና ለሦስት አራት ወር ተገላገይ» ትለኛለች።

የፈራሁት፣ ብዙዎቹ የኬራቲን ቅባቶች ፎርማልዲሃይድ የሚባል ጎጂ ኬሚካል አላቸው፣ ወይም ሲሞቁ ያወጡታል። ቅባቱ ላይ የሚተኮስበት ፒያስትራ ደግሞ እስከ 230 ዲግሪ ይሞቃል። ባለፈው አጠገቤ ለአንዷ ሲሠሩላት ጭሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ፣ ክፍሏ መስኮት እንኳ የላትም። «የኛ ፎርማልዲሃይድ የለውም» አሉኝ። ጠርሙሱን አገላብጬ ሳየው ጽሑፉ ተፍቋል።

እማዬማ «ቅቤ ተቀቢና ሹሩባ ተሠሪ» ባይ ናት፣ ሽታውን ቢሮ ማን ይችለዋል?

ጥር ላይ የእህቴ ሰርግ አለ፣ ለዚያ ነው የቸኮልኩት። የሠራችሁ ንገሩኝ፣ ሲለቅ ጥቅልሉ እንደ ድሮው ተመለሰላችሁ? ወይስ ጫፍ ጫፉ ተሰባበረ? ዓምና ቀለም ተቀብቻለሁ፣ እሱስ ችግር አለው?