ከደሴ ለሚመጣ ጀማሪ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የትኛው የስኪ ተራራ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ሰላም የወሎ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። ጥር ላይ እህቴን ለማየት ወደ ኮሎራዶ እሄዳለሁ። የምትኖረው አውሮራ ነው፣ ከዴንቨር ጋር የተያያዘችው ከተማ። ልጆቿ ታዲያ ስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተት) ካልወሰድንህ ብለው ከአሁኑ ይዘውኛል። ትልቁ 12፣ ትንሿ 9 ዓመቷ ነው። ሁለቱም ይችላሉ። እኔ በረዶ የማውቀው ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ብቻ ነው።

ልጆቹ ብሬክንሪጅ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ይላሉ። እህቴ በበረዶ መንዳት ስለምትፈራ ቅርብ ያለውን ፈልግ አለችኝ። እናታችንም እዚያው ናቸው። 70ን አልፈዋል፣ ደም ግፊት አለባቸው፣ ግን ቤት ይቅሩ ቢባሉ እሺ አይሉም። ለጀማሪ የትኛው ይሻላል? መንገዱ የማያስጨንቅ አለ? ከዚህ ምን ልብስ ይዤ ልምጣ? በርኖስ እንደማይሆን ገብቶኛል። ዕድሜዬ 41 ነው፣ እግሬ ደህና ነው።

ቧንቧ ውሃ (ዴንቨር)

አብሽር ወንድሜ፣ ቀላል ነው። ልጆቹን አትስማቸው።

ብሬክንሪጅ ቆንጆ ነው፣ አልዋሽህም። አምስት ጫፍ አለው፣ ከፍተኛው ሊፍት (ሰው ተቀምጦበት ተራራ የሚያወጣው የገመድ ወንበር) 3,914 ሜትር ላይ ያወርድሃል። ለአንተ ግን ምን ይሠራልሃል? በመጀመሪያው ቀን የምትውለው ከታች፣ ለጥ ባለችው የጀማሪ ሜዳ ላይ ነው። ትልልቆቹ ተራሮች ደግሞ ትኬቱን በዕለቱ በር ላይ ከገዛኸው ለአንድ ሰው ከ200 ዶላር ያልፋል። የማትወጣበትን ጫፍ ለምን ትከፍልበታለህ?

እኔ ላቭላንድ እላለሁ። ከዴንቨር 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ላቭላንድ ቫሊ የሚባል ለጀማሪ የተለየ ቦታ አለው፤ የራሱ ሊፍት፣ የራሱ መኪና ማቆሚያ። ከላይ በፍጥነት የሚመጣ ጎረምሳ አይገጭህም። የሚችሉት ልጆች ወደ ዋናው ተራራ ይሄዳሉ፣ በሁለቱ መካከል ማመላለሻ አለ። ሆቴል ምናምን የለውም። ሰው የሚሄደው ለስኪ ብቻ ስለሆነ ዋጋውም ከትልልቆቹ ይቀላል።

አንድ ነገር ግን ስማኝ። የትም ሂድ፣ አስተማሪ ያዝ። ሊፍት፣ ኪራይና ትምህርት አንድ ላይ የሚሸጥ የጀማሪ ትኬት አለ። የእህትህ ልጆች ያስተምሩኛል ብለህ እንዳትጀምር። ልጅ አጎቱን አያስተምርም፣ ይስቅበታል።

ሸርፍ ተራ (አውሮራ)

እኔ አልስማማም። ሰውየው አሜሪካ ድረስ መጥቶ መኪና ማቆሚያና ካፍቴሪያ ብቻ አይቶ ይመለስ? ብሬክንሪጅ ከተማው ራሱ ይታያል። ለጀማሪም ሰፊ ቦታ አለው፣ ከአምስቱ ጫፎች አንዱ በሆነው ፒክ 9 ላይ። ቀደም ብሎ በኢንተርኔት የገዛ ሰው በር ላይ የሚጠየቀውን አይከፍልም።

ቧንቧ ውሃ (ዴንቨር)

ሸርፍ ተራ፣ እህትየው መንዳት ትፈራለች ተባለ እኮ! ብሬክንሪጅ ለመድረስ የአይዘንሃወርን ዋሻ ማለፍ አለባት። ዋሻው ራሱ ከ3,400 ሜትር ከፍታ በላይ ነው። ላቭላንድ ከዋሻው በፊት ነው።

የሐረጎ ሹፌር

ስለ መንገዱ እኔ ልናገር። አሁን እዚያው ዴንቨር ታክሲ እሠራለሁ። ሐረጎን በጭጋግ ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው ኩርባ አይፈራም። ከዴንቨር ወደ ተራራው በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ አይ ሰቨንቲ ላይ፣ የሚያስቸግረው ኩርባ አይደለም፤ ወረፋውና የሚያንሸራትተው አስፋልት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ላይ፣ እሁድ ከሰዓት ወደ ታች መንገዱ ይቆማል። በተለይ የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ያለበትን ቅዳሜና እሁድ ሽሹ። በዓሉ በጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞ ነው፣ ጥምቀት አካባቢ ይውላል። አገሩ በሙሉ ተራራ ላይ ነው።

ጎማም አለ። ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ መጨረሻ በተራራው ክፍል ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት የሕግ ጉዳይ ነው። ባለ አራት ጎማ ግፊት መኪና ቢኖራት እንኳ ጎማው ያለቀ ከሆነ ቅጣት አለው። እህትህ ከመውጣቷ በፊት ታሳይ።

ሐይቅ ዳር

ባቡሩን ማንም አላነሳውም? ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ተነስቶ ዊንተር ፓርክ የሚገባ የስኪ ባቡር አለ። በእነሱ ክረምት፣ በበረዶው ወቅት ብቻ ነው፣ በየቀኑም አይሄድም፤ ሳምንቱ መጨረሻ አካባቢ ነው። ተራራውን የሚያልፈው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው የሞፋት ዋሻ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1928 የተከፈተ ዋሻ ነው። ከዋሻው ስትወጣ ሊፍቱ አጠገብ ትወርዳለህ። እህትህ መሪ አትይዝም፣ እናትህ በመስኮት እያዩ ይሄዳሉ፣ ልጆቹ ይተኛሉ።

ዊንተር ፓርክ ትልቅ ነው። ከታች ለጀማሪ የተከለለ ቦታ አለው፣ ለሚችሉት ልጆችም አያንስም። ሜሪ ጄን የሚባለው ጎን ግን ጉብታ የበዛበት ነውና አንተ አትጠጋው። እናትህ ከሊፍቱ ሥር ካለው መንደር ቡና ቤት ይቀመጣሉ። ቡናው የእኛ ዓይነት አይደለም፣ እሱን አስቀድመህ ንገራቸው።

ሆጤ 2004

ቅርብና ርካሽ ከሆነ ኤልዶራ የሚባለው የስኪ ተራራስ? ከቦልደር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አይ ሰቨንቲ አይነካውም፣ ከቦልደር የከተማ አውቶቡስም ይወጣል። ነፋሱ ግን ያገላብጣል። ነፋስ ያለበት ቀን እናትን ይዞ የሚኬድበት አይደለም።

የወልድያ ልጅ

ሮቤል ተክለማርያም በቱሪን 2006 እና በቫንኩቨር 2010 የክረምት ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል። አንተም ወሎን ወክለህ ግባ!

ሐይቅ ዳር

የሱ አገር አቋራጭ ስኪ ነበር፣ ቁልቁል አይደለም። ግን ሐሳብ ነው። እናትህ ደህና ከሆኑ አገር አቋራጩን ቀስ ብለው ይሞክሩት፣ ካልሆነ ፍሬዘር ላይ ጎማ ላይ ተቀምጦ የሚንሸራተቱበት ኮረብታ አለ። ከዊንተር ፓርክ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው።

ነርሷ ከኮምቦልቻ

ኧረ እናቱን በጎማ አታንሸራትቷቸው! ደም ግፊት አለባቸው እየተባለ።

ከፍታውን አስቡት። ዴንቨር 1,600 ሜትር ነው፣ ከደሴ በጣም ያንሳል። ዊንተር ፓርክ ሥሩ 2,700 ሜትር አካባቢ፣ የላቭላንድ ሥር ደግሞ 3,300 ይደርሳል። አንተ ደሴ 2,500 ሜትር ላይ ስለምትኖር ብዙም ላይሰማህ ይችላል። እናትህ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከርመዋል። ሐኪማቸውን አስቀድመው ይጠይቁ፣ መድኃኒታቸውን ይዘው ይሂዱ፣ ውሃ ይጠጡ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው ወደ ታች መመለስ ነው፣ ትንሽ ልረፍ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ከላቭላንድ ዊንተር ፓርክን እመርጥላቸዋለሁ።

አንተም የጉዞ መድን ስትገዛ ስኪን የሚሸፍን መሆኑን አንብብ። ብዙዎቹ ለብቻው ካላስጨመርክ አይሸፍኑም። ቁልቁል ስኪ በብዛት የሚጎዳው ጉልበትን ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ መድን ጉልበት ማስታከም ቤት ያሸጣል።

ሸዋ በር (ሚኒሶታ)

ልብስ ጠይቀሃል። ከደሴ ምንም አትሸከም፣ ሻንጣህን በበርበሬና በሽሮ ሙላው። ጃኬትና ሱሪ የእህትህ ጎረቤት ሁሉ አለው፣ ተዋስ። መግዛት ያለብህ ጓንትና ካልሲ ነው። ጂንስና የጥጥ ካናቴራ አትልበስ፤ ላብህንና በረዶውን ይዞ ይቀራል፣ ከዚያ ትቀዘቅዛለህ። ከውስጥ ስስ የሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ ውሃ የማያስገባ። ካልሲ አንድ ብቻ! ሁለት ደርበህ ቦቱ (የስኪ ጫማው) ውስጥ ከገባህ እግርህ ይጨማደዳል፣ ደም አይዞርም። ሄልሜት ተከራይ። ፊትህን ሰንስክሪን ተቀባ፣ እኛ ጥቁሮች ነን አትበል። ፀሐዩ ከላይም ከበረዶውም ነው የሚመታህ።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)

አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜርም ይስጣችሁ። ለእህቴ አነበብኩላት። ባቡሩን ስትሰማ ሌላውን አልሰማችም። የበዓሉን ሳምንት አልፈን፣ በቀጣዩ ቅዳሜ ዊንተር ፓርክ። ልጆቹ አኩርፈዋል፣ ይለፍላቸዋል። እናቴ ሐኪማቸው ጋ ቀጠሮ ይዘዋል።

አሁን ደግሞ ተራራው ላይ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር የሚሉት ምንድን ነው? ቦት ስከራይስ ቁጥሬን እንዴት ልናገር?

ቧንቧ ውሃ (ዴንቨር)

ባቡር ከሆነ ተሸንፌያለሁ፣ ጥሩ ምርጫ ነው። የባቡሩን ትኬት ግን ዛሬ ነገ ሳትሉ ያዙ፣ ቅዳሜው ቶሎ ይሞላል።

አረንጓዴ ክብ ቀላሉ ነው፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ ከባድ። ልብ በል፣ ቀለሙ የሚለካው በዚያው ተራራ ነው። የአንዱ ሰማያዊ የሌላው ጥቁር ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ሰማያዊ ነው ና ቢሉህ እሺ አትበል። መጀመሪያ የስኪዎቹን ጫፍ ገጠም፣ ኋላቸውን ከፈት አድርጎ መቆም ትማራለህ። ልጆቹ ፒዛ የሚሉት ነው። እሱን ይዘህ መቆምና መዞር ሳትችል ሊፍት ላይ አትውጣ። ከፊትህ፣ ማለትም ከበታችህ ላለው ሰው ቅድሚያ ትሰጣለህ። ከቆምክበት ስትነሳ ወደ ላይ እይ። ስትወድቅ ጠርዝ ይዘህ ተነስ፣ መሐል መንገድ ላይ ተቀምጠህ ፎቶ አትነሳ።

ሸዋ በር (ሚኒሶታ)

ለቦቱ፣ ግድግዳ ተደግፈህ ቁም፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት በሳንቲ ሜትር ለካ። የስኪ ቦት ቁጥር እሱ ነው። ሲጠብቅህ አትደንግጥ፣ ጣትህ ጫፉን ነክቶ ጉልበትህን አጠፍ ስታደርግ ወደ ኋላ መለስ ካለ ልክ ነው። ኪራይ ቤቱ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና ችሎታ ይጠይቅሃል። አፍረህ ክብደት እንዳትቀንስ፣ ጎበዝ ነኝም እንዳትል። ስትወድቅ ቦቱን ከስኪው የሚለቀው ማሰሪያ የሚስተካከለው በዚያ ነው። አጥብቀው ካሰሩልህ አይለቅም፣ ጉልበትህ ይዞራል። ክብደቱን በፓውንድ ነው የሚጠይቁህ፣ ኪሎህን በ2.2 አባዝተህ ሂድ።