ከላሲክ (የዓይን ሌዘር ሕክምና) በኋላ የቀረውን የመነጽር ቁጥር ማስተካከል የሚቻለው መቼ ነው?

ጠያቂ፣ ከጅማ፦
ጤና ይስጥልኝ። በጥቅምት ወር አዲስ አበባ ሄጄ ሁለቱንም ዓይኖቼን በላሲክ ታክሜ ነበር። ግራው ደህና ነው፤ ቀድሞ ማይነስ 5.50 የነበረው ቀኙ ግን አራት ወር ሞልቶትም ማይነስ 0.75 ቀርቶበታል። ቀን ብዙም አይታወቀኝም፤ ማታ እዚሁ ጅማ ከመርካቶ ወደ ኮቺ ሰፈር ስነዳ ግን የባጃጆቹ መብራት ክብ እየሠራ ይበተንብኛል። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ለማስተካከያ ብሄድ፣ ክሊኒኩ ምክንያቱን ሳያስረዳኝ «ገና ነው» ብሎ መለሰኝ። የሚዘገየው ለምንድን ነው?

የዓይን ምርመራ ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ ሊያስረዱዎ ይገባ ነበር፤ ይቆይ ማለታቸው ግን ትክክል ነው። በሌዘር የተቀረፈ ኮርኒያ (ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ክፍል) ቁስሉ እየጠገገ፣ የላይኛው ስስ ሽፋኑም ውፍረቱን እያስተካከለ ስለሚሄድ ቁጥሩ ለወራት ይለዋወጣል። ዛሬ 0.75 ተብሎ ቢቀረፍና ቁጥሩ በኋላ በራሱ ወደ 0.25 ቢወርድ፣ ዓይንዎ ወደ ፕላስ (የቅርቡን ለማየት ወደሚያስቸግር ቁጥር) ያልፋል። ስለዚህ ከላሲክ በኋላ ቢያንስ 3 ወር፣ ብዙ ጊዜም እስከ 6 ወር ይጠበቃል፤ ከፒአርኬ (ኮርኒያው ሳይገለጥ ከላዩ ላይ ከሚሠራው የሌዘር ሕክምና) በኋላ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። ከወራቱ ይልቅ የሚወስነው ግን ልኬቱ ነው፤ በሳምንታት ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ልኬቶች መቀራረብ አለባቸው።

ድርቀትም አለ። ላሲክ የኮርኒያን ነርቮች ስለሚቆርጥ እንባ ይቀንሳል፤ የደረቀ ዓይን ሲለካም የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ማታ ዓይንዎን ሲያርገበግቡ መብራቱ ለቅጽበት ከጠራልዎ፣ ድርቀት ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ይታከሙት። ከማስተካከያው በፊት የኮርኒያው ቅርጽና ውፍረት እንደገና መለካት አለበት፤ ከፍላፑ (በላሲክ ጊዜ ተቆርጦ ከሚገለጠው የኮርኒያ ስስ ክዳን) በታች የሚቀረው የኮርኒያ ውፍረት ከ250 ማይክሮን እንዳያንስ ይጠነቀቃሉ።

አንዲት ታካሚ፦
እኔም በሦስተኛው ወር ማይነስ 1.00 ተብዬ ተጨንቄ ነበር። የእንባ ጠብታውን ሳላቋርጥ ተጠቅሜ በሰባተኛው ወር ስለካ 0.50 ሆኖ ስላገኘሁት ማስተካከያውን ትቼ፣ ለማታ ብቻ ስስ መነጽር አሠራሁ። ጅማ ውስጥ በአንድ ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩና ወረቀቶቹን ይያዙ፤ መንገዱን ሁለቴ ከመመላለስ ያድንዎታል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅግ ብዘገይስ ያመልጠኛል?

የዓይን ምርመራ ባለሙያ፦
አያመልጥዎትም። ፍላፑ ከዓመታት በኋላም ሊገለጥ ይችላል፤ ሆኖም ጊዜው በረዘመ ቁጥር የላይኛው ሽፋን ሕዋሳት ከሥሩ ገብተው የማደግ ዕድላቸው ስለሚጨምር፣ ብዙ ሐኪሞች ያኔ ፍላፑን ሳይነኩ በላዩ ፒአርኬ መሥራትን ይመርጣሉ። ዓይንዎ ድንገት ከቀላ፣ ካመመዎ ወይም ዕይታዎ ከቀነሰ ግን ስድስት ወሩን ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ጅማ የሚገኝ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።