የሊባኖሱ ፔጀር፦ የጦርነት ብልሃት ወይስ የተከለከለ ወጥመድ?

አወያይ፦
መስከረም 7 ቀን 2017፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሊባኖስ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ፔጀሮች፣ አጭር መልእክት የሚቀበሉ ትንንሽ ዕቃዎች፣ እኩል ፈነዱ። በማግስቱ ዎኪቶኪዎቹ፣ ማለትም የእጅ ሬዲዮዎቹ፣ ተከተሉ። ዕቃዎቹን ለራሱ ሰዎች ያደለው የሊባኖሱ ታጣቂ ድርጅት ሂዝቦላህ ነው። የእስራኤል ስለላ ግን አስቀድሞ ፈንጂ ቀብሮባቸው ነበር። በሁለቱ ቀናት ከ30 በላይ ሰው ሞተ፣ ከ3,000 በላይ ቆሰለ። የእስራኤሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ትእዛዙ የእሳቸው እንደነበር አምነዋል። ጥያቄው፦ ይሄ የተፈቀደ ነው? ስድብ የለም። ጥቅስ መለጠፍም ይቅር፣ ባለፈው ጊዜ አይተነዋል።

የነታንያው፦
እኔ ልጀምር። የምኖረው ነታንያ ከተማ ነው። ሚሉዒም፣ ማለትም ተጠባባቂ ጦር፣ ተጠርቼ ሰሜን እስራኤል ነበርኩ። ሂዝቦላህ መተኮስ የጀመረው መስከረም 27 ቀን 2016 ነው። ወደ 60,000 የሚሆን ሰው ቤቱን ዘግቶ አንድ ዓመት ሙሉ ሆቴልና ዘመድ ቤት ከረመ። አሁን ንገሩኝ፣ በዚህ ዘመን ፔጀር የሚይዝ ማነው? ያኔ የሂዝቦላህ መሪ የነበረው ነስረላህ ራሱ ለተዋጊዎቹ ስልካችሁ ሰላይ ነው፣ ጣሉት ብሎ ነበር። በምትኩ የታደላቸው ይሄ ነው። ሌላው አማራጭ አውሮፕላን ነው። አንድ አዛዥ ለመግደል ሕንፃ ሙሉ ሲናድ አይተናል። እዚህ ግን የተቀበረው ጥቂት ግራም ነው፣ ያውም በባለቤቱ ወገብ ላይ። ከዚህ በላይ ለይቶ መምታት ምን አለ?

ከቤሩት፦
ወንድሜ፣ በሰላም መመለስህ እሰየው። “ለይቶ” ያልከውን ግን እኔ ካየሁት ጋር ላስተያየው።

ያኔ ደቡብ ቤሩት አጠገብ ሰው ቤት እሠራ ነበር። ማዳም ሽንኩርት ግዢ ብላ ልካኝ አትክልት ሻጩ ጋ ቆሜያለሁ። ጷ! አለ። ጎማ የፈነዳ ነው የመሰለኝ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ እጁን ታቅፎ ቁጭ አለ። ሎሚው ሁሉ መንገድ ላይ ተንከባለለ። አጠገቡ ሁለት ልጆች ነበሩ፣ ምንም አልነካቸውም። አንድ እርምጃ ቀረብ ቢሉስ? ከዚያ እስከ ሌሊት የአምቡላንስ ጩኸት አላቋረጠም። ማታ ማዳም የሕፃኑን ድምፅ የምንሰማበትን ሬዲዮ ነቅላ በረንዳ ላይ ወረወረችው። እኔ ስልኬን ድስት ውስጥ ከትቼ ከደንኩት። እናቴ ከደሴ ስትደውል ድስቱ ይንቀጠቀጣል። አላነሳሁም። አሁን ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ድብደባው ሲብስ እነማዳም ወደ ተራራ ሄዱ። እኔን በሩ ላይ ተዉኝ። የብዙዎቻችን ታሪክ ይሄው ነው፣ መንገድ ዳር ያደርን አለን። ለይቶ መምታት የተባለው ጦርነቱን አላሳጠረውም ለማለት ነው።

ጠበቃው፦
እህቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። እኔ በሕጉ ልምጣ። በአንዳንድ የጦር መሣሪያዎች ላይ ገደብ የሚጥል ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። በ1996 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው 2ኛ ፕሮቶኮሉ፣ ማለትም ተያያዥ ውሉ፣ በአንቀጽ 7 ላይ፣ ምንም ጉዳት የሌለው የሚመስል፣ ፈንጂ እንዲይዝ ተደርጎ በተለይ የተሠራ ተንቀሳቃሽ ዕቃ መጠቀምን ይከለክላል። እስራኤልም ተቀብላዋለች። ፔጀሩን ከዚህ በላይ ምን ይገልጸዋል? በማክሰኞው ብቻ ከሞቱት 12 ሰዎች ሁለቱ ልጆች ናቸው።

ደግሞ ሂዝቦላህ ጦር ብቻ አይደለም። ሆስፒታል አለው፣ ምክር ቤት ውስጥ ወንበር አለው። ፔጀር የያዘ ሁሉ ተዋጊ ነው ማለት አይቻልም። ቁልፉን የተጫነው ሰው ያን ሰዓት እያንዳንዱ ዕቃ የት እንዳለ፣ ማን እጅ እንደገባ በምን ያውቃል? መልእክት የመጣ መስሏቸው ወደ ፊታቸው ያስጠጉት ናቸው ዓይናቸውን ያጡት።

የነታንያው፦
ጠበቃ፣ አንተ ወረቀቱን ይዘሃል፣ እኔ ሮኬቱን። ሂዝቦላህ የቱን አንቀጽ አክብሮ ነው መንደር ላይ የሚተኩሰው? ስለ ሁለቱ ልጆች የምለው የለኝም። አንድ ነገር ግን ልመን። ኔታንያሁ ለትራምፕ በወርቅ የተለበጠ ፔጀር ስጦታ ሲሰጥ ሳይ ሆዴን ቆርጦኛል። ሥራው ግድ ነበር ብዬ እከራከራለሁ፣ ለጌጥ ግን አልከራከርም።

የጅቡቲ መስመር፦
እኔ ሕግ አላውቅም፣ ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ይሄን ወሬ ስታነሱ እኔ የማስበው ዩክሬንን ነው። ግንቦት 24 ቀን 2017 ዩክሬኖች 117 ድሮን የእንጨት ቤት ጣሪያ ሥር ደብቀው፣ በከባድ መኪና ጭነው፣ ሩሲያ ውስጥ የአየር ኃይል ሰፈሮች አጠገብ አደረሱ። አንዱ ሰፈር ከዩክሬን ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጣሪያው በሪሞት ተከፈተና ድሮኖቹ ወጡ። ብልሃቱ ድንቅ ነው፣ አልዋሽም፣ አጨብጭቤያለሁ። ኢላማውም የጦር አውሮፕላን ነው። ግን ሾፌሮቹ ምን እንደጫኑ አያውቁም ነበር ነው የተባለው። በ2022 እ.ኤ.አ. ክሪሚያ ድልድይ ላይ የፈነዳው መኪና ሾፌርማ ሞቷል።

እኔ ጅቡቲ ላይ ኮንቴይነር ስረከብ ታሽጎ ነው የምረከበው። ትራንዚተሩ ወረቀቱን ይሰጠኛል፣ “የቤት ዕቃ” ይላል፣ እነዳለሁ። ልክፈተውና ልየው ብል እሽግ ሰበርክ ተብዬ ነው የምታሰረው። ስለዚህ ጠበቃ፣ እኔ ምንድነኝ? ወታደር ነኝ ሲቪል?

ጠበቃው፦
ሲቪል ነህ። የጫንከውን ሳታውቅ የነዳህ እንደሆነ ማንም አንተን ሊመታህ አይፈቀድለትም። መኪናው ግን ያን ሰዓት ኢላማ ሊሆን ይችላል።

የጅቡቲ መስመር፦
እኔ የት ተቀምጬ ነው መኪናው ብቻውን የሚመታው?

ከቤሩት፦
😂 ጋሼ፣ ይቺ ናት ጥያቄዋ።

ጠበቃው፦
ለዚህ ነው በሲቪል ስም ተከልሎ ማጥቃት፣ በጦር ሕግ ክህደት የሚባለው፣ የሚከለከለው። ዩክሬኖችን በዚህ የሚወቅሳቸው አለ። ሌላው ደግሞ የመኪናው ነገር መደበቅ ብቻ ነው፣ ክህደት አይባልም ይላል። እኔ ራሴ ገና አልወሰንኩም።

የጅቡቲ መስመር፦
እስክትወስን እኔ ሚሌ ኬላ ቆሜያለሁ። ኋላዬ ያለው ሲኖትራክ ክላክሱን ለቆብኛል፣ መሄዴ ነው። ኔትወርክ ሳገኝ አነበዋለሁ።