ሲንደሬላን ድሬ ላይ እየጻፍኩ ነው፤ ጫማው ላይ ተቸገርኩ

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለወጣቶች የሚሆን ልብወለድ ጀምሬያለሁ፤ ሲንደሬላ ናት፣ ግን የዘመኑ። ልጅቷ ቀን ታይዋን ገበያ ያለውን የእንጀራ እናቷን ሱቅ ትጠብቃለች፣ ማታ ተደብቃ አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ታያለች፣ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ደግሞ በብዕር ስም ፋንፊክሽን፣ ማለትም በምትወዳቸው ገጸ ባሕርያት ላይ ራሷ የፈጠረችውን ታሪክ ትለጥፋለች። ልዑሉ እዚያው ግሩፕ ውስጥ ያለ፣ ጽሑፏን እየተከታተለ የሚያነብ ልጅ ነው። ፊቷን አይቶ አያውቅም። ግብዣው ከዚራ አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ የኮስፕሌይ ዝግጅት ነው፤ ለማያውቅ፣ ሁሉም የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ለብሶ የሚመጣበት ማለት ነው። ጭንብል አድርጋ ትሄዳለች፣ አብረው ያመሻሉ፣ ድንገት ትጠፋለች። ችግሬ እዚህ ጋ ነው። ስልክ እያለ ምን አስፈለገው? «የት ገባሽ?» ብሎ ቢጽፍላት አለቀ። ጫማውስ ምን ይሁን? እኩለ ሌሊቱስ?

ወሪያ፦
አቦ አብሽሪ፣ ቀላል ነው። ስልኳን አስነጥቂያት። አንዷ እህቷ ትከፍተውና ቻቱን ከላይ እስከ ታች አንብባ «እኔ ነኝ» ብላ ትጽፍለታለች። ጫማው አካውንቱ ሆነ ማለት ነው። የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ባሳተሙት ተረት እኮ እህቶቿ ጫማው እንዲገባላቸው አንዷ ጣቷን ሌላዋ ተረከዟን ትቆርጣለች፣ ልዑሉም ይሸወዳል፤ ደሙን አይተው የሚያጋልጡት ወፎች ናቸው። ማንም ሊያጭበረብርበት የማይችል ጫማ ታሪክ አያጣፍጥም።

ከጁገል፦
አካውንቱ ጥሩ ነው፣ ግን በእጅ የሚያዝ ነገርም ያስፈልግሻል። ስክሪን ላይ አፍጥጦ የሚውል ልዑል ማን ያነባል? ልጅቷን ልብስ ልታሰፋ ሐረር ላኪያት፣ መኪና ግርግር። ስሙ ራሱ ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት የመጣ ነው። ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ በራፍ ላይ ተደርድረዋል፣ ጨርቁን ከሱቁ ትገዣለሽ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ይለካሻል። ከስልኳ የአኒሜውን ፎቶ ስታሳየው አስቢው፤ አጉልቶ አይቶ «ይሄ ኮሌታ ነው ክንፍ?» ይላታል። መልካሟ ጠንቋይ እሱ ይሁን። አዳራሹ ውስጥ አንድ ጓንት ጥላ ትሂድ፣ ልጁም ጓንቱን ይዞ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ሰፊ ለሰፊ ይጠይቅ። ስፌቱን ያየ ባለሙያ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል፣ ልኳም ደብተሩ ላይ አለ። ጫማ ካልሆነ ብለሽ ደግሞ አትጨነቂ። የብርጭቆ ጫማውና ዱባው የፈረንሳዩ ፔሮ (1697) ናቸው፤ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው የቻይናዎቹ ተረት ጫማው ወርቅ ነው፣ ልጅቷን የሚረዳት የዓሣ አጥንት ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ድረስ ልጃገረድ የሚያቆይ የድሬ ቤት አላውቅም፤ አንባቢም አያምንሽም። እናትየዋ ሐረር ለቅሶ ሄዳ በመጨረሻው ሚኒባስ የምትመለስ ቢሆንስ? ልጅቷ ከእሷ ቀድማ ቤት መግባት አለባት። ሠረገላው ባጃጅ ነው፣ እሱ ላይ አትከራከሪኝ። ሙቀቱን ደግሞ ረስተሽዋል። ግንቦት ላይ ከስፖንጅ የተሠራ ጋሻ በማስቲሽ አጣብቃ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር ደፍታ፣ ፊቷን ተቀብታ የገባች ልጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ መፍሰስ ትጀምራለች። ትከሻዋ ላይ ያለው ጋሻ ሲላቀቅ በአንድ እጇ ደግፋ ስትጨፍር ይታየኛል። አስማቱ ሰዓት ሳይጠብቅ በራሱ ይፈርስልሻል።

ድሬ ኦታኩ፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ አኒሜውን ራስሽ ፍጠሪው። የእውነት ካለ አኒሜ ገጸ ባሕርይ ወስደሽ መጽሐፍ ብትሸጪ የባለቤትነት መብት ጣጣ አለው። ሲንደሬላም ላይ ተጠንቀቂ፤ ተረቱ የማንም ነው፣ የሚረዷት አይጦች ስም ግን የ1950ው የዲዝኒ ፊልም ነው።

የሳቢያን ልጅ፦
ወላሂ ገላገላችሁኝ! ጓንቱንም ስልኩንም ወስጃለሁ፤ እህትየዋ አካውንቱን ትይዛለች፣ ጓንቱ ያጋልጣታል። ጋሼ፣ የእርስዎን ለቅሶም ወስጃለሁ። ከጁገል፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሰፊው በምን ቋንቋ ያውራ?

ከጁገል፦
ከእሷ ጋር በአማርኛ፣ ጎኑ ካለው ሰፊ ጋር በሐረሪ ወይ በኦሮምኛ። ዋጋ ላይ ግን በየትኛውም ቋንቋ ንቅንቅ አይልም፣ እኔን ጠይቂኝ።